ነገርን ከሥሩ፤ የመድኃኒት ዕፀዋት ጥናታችን ስላልመዘገበው የሥር ፈንገስ

በአገራችን ስለ መድኃኒት ዕፀዋት የሚጻፈው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መሄዱ የሚያስደስት ነው። ቀድሞ በደብተራው ብራናና በአዋቂው ልብ ተሰውሮ ይኖር የነበረው ዕውቀት ዛሬ በተማሩ ሰዎች እጅ እየተሰበሰበ፣ እየተቈጠረና እየታተመ ይገኛል። እኛም ይህን ሐተታ የምናቀርበው የዚህን ሥራ ዋጋ ለማቃለል አይደለም። ነገር ግን የተጻፈውን ስንመረምር አንድ ጉድለት አገኘንበት፤ ጉድለቱም የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን ገበሬ የሚነካ ስለ ሆነ ዝም ብለን ለማለፍ አልወደድንም። ጉድለቱ ይህ ነው፤ የዕፁን ስም፣ የሚወሰደውን ክፍልና የሚፈውሰውን በሽታ እንጽፋለን፤ ከሥሩ ጋር አብሮት የሚኖረውን ፈንገስ ግን አንጽፍም። መድኃኒቱ ከሁለቱ አብሮ መኖር ሊወጣ ሲችል የአንዱን ስም ብቻ መዝግበን ሥራው ተፈጸመ እንላለን። የአገራችን ሰው «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ተረቱ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን እውነቱ ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን።

ፈንገስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሻጋታ፣ ወይም በክረምት ከመስክ ላይ ብቅ ወደሚለው የጅብ ጥላ ነው። የጅብ ጥላው ግን የፈንገሱ ፍሬ እንጂ መላ አካሉ አይደለም። ዋናው አካል ከአፈር በታች እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት ቀጭን ክር ነው። ከእነዚህ ፈንገሶች ብዙዎቹ ወደ ዕፀዋት ሥር ገብተው ዕፁን ሳይገድሉ ይኖራሉ። ዕፁ በፀሐይ ብርሃን ካበጀው ስኳር ያካፍላቸዋል፤ እነርሱም ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው ጥቃቅን የአፈር ቀዳዳ ፎስፎርንና ሌላውን ማዕድን እየለቀሙ ያመጡለታል። ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት ፍራንክ በ1885 ይህን አኗኗር «ማይኮራይዛ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ለእኛ አገር ሰው ነገሩን ለማስረዳት ግን ከመቀናጆ የተሻለ ቃል አናገኝም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ መቀናጆ ያጣ እንደ ሆነ በሬው በበረት እያለ መሬቱ ጦሙን ያድራል። ብዙው ዕፅም እንደዚሁ ነው።

ከዕፀዋት ሁሉ ይህ መቀናጆ እጅግ የጠበቀው ኦርኪድ በሚባለው የአበባ ወገን ዘንድ ነው። የኦርኪድ ዘር ከጤፍ በብዙ ያነሰ፣ እንደ ትቢያ በነፋስ የሚበን ነው። የጤፍ ፍሬ በትንሽነቷ እንኳ ለቡቃያዋ የሚሆን ስንቅ ይዛለች፤ የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ የለውም። ስለዚህ በዱር ወድቆ የሚስማማው ፈንገስ ካላገኘው በቀር አይበቅልም። ይህን አስቀድሞ የገለጠው ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር ነው። በ1899 በፎንቴንብሎ ጫካ የአንድ ኦርኪድ ቡቃያዎችን አግኝቶ ሲመረምር በሁሉም ውስጥ የፈንገስ ክር አየ፤ ዘሩ እንዲበቅል የሚያደርገውም ይኸው ፈንገስ መሆኑን ተረዳ። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ዘሩን ስኳር ባለበት ንጹሕ ምግብ ላይ ዘርቶ ያለ አንዳች ፈንገስ አበቀለው። የክኑድሰን ሥራ ለአበባ ነጋዴዎች ታላቅ ጥቅም ሆነ፤ ለእኛ ግን ጥያቄ ከፈተልን። ዕፁ ያለ ፈንገሱ መብቀል ከቻለ፣ መድኃኒቱስ አብሮት ይበቅላልን?

ይህን ለመመለስ፣ መድኃኒት የምንለው ንጥረ ነገር ለዕፁ ለራሱ ምን እንደሚጠቅመው አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። ዕፅ የሰውን ሆድ ቁርጠት አስቦ መራራ ነገር አያበጅም። መራራው፣ የሚሸተውና የሚያሰክረው ነገር ብዙ ጊዜ ነፍሳትን፣ እንስሳትንና ሻጋታን የሚከላከልበት የጦር መሣሪያው ነው። በ1911 በወጣትነቱ የሞተው ቤርናር በመጨረሻ ሥራው የኦርኪድን ድንች መሰል ሥር ቈራርጦ ከፈንገስ አጠገብ ሲያኖረው ፈንገሱ ወደ ቁራጩ መጠጋቱን እንደሚተው አይቶ ነበር። በ1950ዎቹ በዙሪክ ኤርንስት ጎይማንና ባልደረቦቹ ይህን ከልካይ ነገር ለይተው አወጡት፤ ስሙንም ኦርኪኖል አሉት። የሚያስደንቀው ነገር፣ ድንቹ ይህን ንጥረ ነገር አብዝቶ የሚያበጀው ፈንገስ ሲነካው መሆኑ ነው። በእስያ ለመድኃኒትነት ከሚፈለጉ ኦርኪዶችም ኦርኪኖልን በአሠራራቸው የሚመስሉ የአንድ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በኦርኪድ ሥር ውስጥ ያለው ኑሮ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የድንበርተኞች ኑሮ ነው። ዕፁ ፈንገሱን ይፈልገዋል፤ ነገር ግን ከሥሩ አልፎ መላ አካሉን እንዳይበላው በወሰኑ ላይ ዘብ ያቆማል። ከዘቦቹ አንዳንዱን እኛ ሰዎች መድኃኒት ብለን እንወስደዋለን። ጎረቤት የሌለው ሰው አጥር ለማጠር አይደክምም፤ ፈንገስ የማያውቀው ዕፅም ከዚህ ዓይነቱ ንጥረ ነገር ጥቂት ብቻ ቢያበጅ ሊያስደንቀን አይገባም።

ይህ ሐሳብ በእርሻ ላይ ተፈትኗል። በቻይና ሕክምና ለራስ ምታትና ለማዞር የሚሰጠው ቲያንማ የሚባለው ኦርኪድ ቅጠልም ሥርም የለውም። ዘሩ የሚበቅለው በአንድ ፈንገስ፣ የሚያድገውም በሌላ ፈንገስ እርዳታ ነው፤ የመጀመሪያው ማይሲና፣ ሁለተኛው አርሚላሪያ ይባላል። ቻይናውያን በ1960ዎቹ በእርሻ ሊያለሙት የቻሉት አርሚላሪያን በእንጨት ጕማጅ ላይ አሳድገው ከዕፁ ጋር አብረው በመቅበር ነው፤ በዚህ ረገድ ፈንገሱን ሳያለማ ቲያንማን የሚያለማ ገበሬ የለም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2017 የታተመ የቻይናውያን ጥናት ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የተባለውን የመድኃኒት ኦርኪድ ከማይሲና ወገን በሆነ ፈንገስ ሲያስነኩት ዴንድሮቢን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደ ጨመረ አሳይቷል። ከኦርኪድ ውጭ ስንሄድም፣ በ2007 በሕንድ ካፑርና ባልደረቦቿ የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን የሚወጣበትን የአርቴሚሲያ ተክል ከሁለት ዓይነት የአፈር ፈንገስ ጋር አልምተው የአርቴሚሲኒኑ መጠን ከፍ ማለቱን ገልጠዋል። ይህ ተክል የእኛው የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው።

ይሁን እንጂ የውጭ አገር ጥናት ስለ ሆነ ብቻ ሁሉን አሜን ብለን መቀበል አይገባንም። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሦስት ነቀፋ አለን። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የተሠሩት በማሰሮ ውስጥና በጥቂት ሳምንቶች ነው። በላቦራቶሪ ማሰሮ ውስጥ አንድ ዕፅና አንድ ፈንገስ ይገናኛሉ፤ በእውነተኛው አፈር ግን አንዱ ሥር ከብዙ ፈንገሶች ጋር ይኖራል፤ ውርጭም፣ ድርቅም፣ የበግ ጥርስም አለበት። ሁለተኛ፣ አንድ ንጥረ ነገር ጨመረ ማለት መድኃኒቱ ተሻለ ማለት አይደለም። የሚያሽረው ነገር ሲበዛ መርዝ ይሆናል፤ ይህንም ለማወቅ ቻይና መሄድ አያሻንም፤ ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት አባቶቻችን ያውቁታል። ሦስተኛ፣ ፈንገስ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ንጥረ ነገሩን ሲያበዛ ሌላው ምንም ላይለውጥ፣ ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ «ፈንገስ ጨምርበት፤ መድኃኒቱ ይበዛል» የሚል ሰው ቢኖር የነጋዴ ቃል ይናገራል እንጂ የተመራማሪ ቃል አይናገርም። ከጥናቶቹ በእርግጥ የምንወስደው ከዚህ ያነሰና ከዚህ የጸና ነው፤ ይኸውም የዕፁን የመድኃኒት ኀይል ፈንገሱን ሳይጠይቁ መናገር እንደማይቻል ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ኦርኪዶች ጥሩ መዝገብ አላቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ 6ኛው ክፍል በ1997፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መምሪያም በ2004 ታትመዋል። እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ኦርኪድ የሞቃት ጫካ ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ሳቲሪየም፣ ሃቤናሪያ፣ ዲሳ የሚባሉት ወገኖች በአገራችን ደጋ በሣር መካከል ከመሬት የሚበቅሉ፣ ሥራቸው ድንች የሚመስል፣ በዝናም ጊዜ የሚያብቡ ናቸው። በአገራችን የኦርኪድ መድኃኒትነት እንደ ኮሶና እንደ እንዶድ ስሙ የወጣ አይደለም። ነገር ግን በደቡብ ታንዛኒያ ደጋ የእነዚሁ ወገኖች ድንች ለምግብ እየተማሰ ወደ ዛምቢያ ይሸጥ ስለ ነበር ከብዙ ስፍራ መመናመኑን በ2003 የታተመ ጥናት ያስረዳል፤ በቱርክም ሳሌፕ ለሚባለው መጠጥ ብዙ ኦርኪድ ተነቅሏል። ከሥሩ የተነቀለ ኦርኪድ እንደ ጎመን ተመልሶ አይዘራም። ትቢያ የሚያህለው ዘሩ ፈንገሱን እስኪያገኝ ስንት ዘር በከንቱ እንደሚወድቅ አንባቢ ይገምት።

የመንዝና የግሼ ደጋ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ስፍራ ነው የምንለው ስለ ኦርኪዱ ብቻ አይደለም። በአንድ ተራራ ላይ ብዙ ዓይነት መቀናጆ ስለሚገኝበት ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው በጓሳ ምድር የሚበቅለው አስታ፣ በወገኑ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ልዩ የሥር ፈንገስ ዓይነት አለው፤ ይህም ኮስታራ በሆነ፣ ምግብ ባነሰው አፈር እንዲኖር የሚረዳው ነው። ወደ ታች ወርደን በየደብሩ ቅጥር የምናገኘው ጽድ ደግሞ ሌላውንና በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋውን ዓይነት ይዞ ይኖራል፤ የዚህም ፈንገስ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰራጫል። የኦርኪዱ ፈንገስ ግን በሕዋስ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ፈትል ይተኛል፤ ዕፁም ጥቅልሉን እያሟሟ ይመገበዋል። ስለዚህ ስለ ኦርኪድ የተባለውን ሁሉ በቀጥታ ለጽድና ለኮሶ ማዋል ስሕተት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ግን በየዓይነቱ መፈለግ አለበት።

በዚህ መንገድ የጀመሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም አንዱ ደመል ተከታይ፣ በአገራችን ደረቅ የደጋ ደኖች የሚገኙ ነባር ዛፎችን ሥር መርምረው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። በ2004 ደግሞ ስለ ጥቁር እንጨት ጻፉ፤ የዚህ ዛፍ ልጥ የሽማግሎችን የሽንት ችግር ለማስታገስ በዓለም ገበያ የሚፈለግ ስለ ሆነ ንግዱ ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር ነው። በሥሩ ውስጥ የሚኖሩት ፈንገሶች ብዙ ዓይነት መሆናቸውን አሳዩ። በ2006 ባወጡትም ጽሑፍ ጽድና ዝግባ በአንድ ደን ጎን ለጎን ቆመው ሳለ የሥራቸው ፈንገሶች የተለያዩ መሆናቸውን ገለጡ። ይህ ሥራ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ዓላማው ግን ደኑን መልሶ ለመትከል ነበር እንጂ የመድኃኒቱን ኀይል ለመለካት አልነበረም። ስለዚህ ፈንገሱን የሚያውቀው ጥናት መድኃኒቱን አይለካም፤ መድኃኒቱን የሚያውቀው ጥናት ደግሞ ፈንገሱን አይጠይቅም። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ ሳሉ አልተገናኙም።

ለሁለተኛው ወገን ምሳሌ የሚሆነን በ2013 ኤርሚያስ ሉለቃልና ባልደረቦቹ በመንዝ ጎረቤት በአንኮበር ያደረጉት ጥናት ነው። ለሰው ሕመም የሚያገለግሉ 135 ዕፀዋትን መዝግበዋል። ሽማግሎችንና አዋቂዎችን ጠይቀዋል፣ ናሙና ሰብስበዋል፣ ምስክርነቱንም በቍጥር መዝነዋል። ለሰሜን ሸዋ ከዚህ የበለጠ የተደከመበት የመድኃኒት ዕፀዋት ዝርዝር በቀላሉ አይገኝም፤ እኛም የመረጥነው ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን ጠንካራ ስለ ሆነ ነው። ጉድለቱ የጸሐፊዎቹ አይደለም፤ የዘዴው ነው። ዘዴው «ይህ ዕፅ ምን ያሽራል?» ብሎ ይጠይቃል። «ከየትኛው አፈር የተነቀለው? በሥሩስ ላይ ምን ነበረ?» ብሎ ግን ወደ ታች አይወርድም። ናሙናውም በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ደርቆ፣ ከ1959 ጀምሮ በአዲስ አበባ እንዳለው ብሔራዊ የዕፀዋት መዘክር ወዳለ ስፍራ ሲሄድ ቅጠሉና አበባው ይታይለታል፤ ቀጭን ሥሩ ግን ከአፈሩ ጋር ተራግፎ በሜዳ ይቀራል። የምናራግፈው አፈር መሰለን እንጂ የጥያቄያችን እኩሌታ ነበር።

አንድ ስም የአንድ ኀይል ዋስ አለመሆኑን ከእንዶድ ታሪክ ልንማር በተገባን ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያለሙ ሲያወዳድሩ ኀይላቸው እኩል ሆኖ አላገኙትም፤ ከመካከላቸውም 44 ቍጥር የተባለው ተመረጠ። እነሆ፣ ሁሉም እንዶድ ይባላሉ፤ ሁሉም አረፋ ያወጣሉ፤ ቀንድ አውጣን በመግደል ግን ይለያያሉ። እዚህ ላይ ልዩነቱ የተፈለገው በዘሩ ነው። እኛ የምንለው፣ በዘር የተጠየቀው ጥያቄ በአፈሩና በፈንገሱም ይጠየቅ ነው።

ነገሩ የተማሪ ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፣ በገበሬው ጓሮ የሚያመጣውን ጣጣ እንናገር። የዱር መድኃኒት እየጠፋ ስለ ሄደ «በችግኝ ጣቢያ አልሙት፤ በጓሮ ትከሉት» የሚል ምክር በየስፍራው ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ችግኙ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከሩቅ በመጣ አሸዋና ፍግ ይበቅላል፤ አንዳንድ ጊዜም ዳፕ ይጨመርበታል። ፎስፎር የበዛለት ዕፅ ፎስፎር አምጪውን ፈንገስ ችላ እንደሚል በብዙ ጥናት የታወቀ ነው፤ ቀለብ የተሰፈረለት ሰው መቀናጆ አይፈልግምና። ችግኙ ለምለም ሆኖ ይወጣል፤ ባለሙያውም ለምለምነቱን አይቶ ደስ ይለዋል። የመንዝ እናት ግን ከጓሮዋ የቀነጠሰችውን ለልጇ የምትሰጠው አያቷ ከዱር ቀንጥሳ በምትሰጠው ልክ ነው። ኀይሉ ካነሰ ሕፃኑ አይድንም፤ ኀይሉ ከበዛም ሌላ መከራ ይመጣል። በሁለቱም መንገድ የሚወቀሰው ዕፁና የአባቶች ዕውቀት ይሆናል፤ የተለወጠው መሬት ግን ስሙ አይነሣም።

በዚህ ላይ የሚቃወመን ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ሐኪም ቤት የራቀው ሕዝብ መድኃኒት ዛሬ ይፈልጋል፤ እናንተ ስለማይታይ ክር ትጨነቃላችሁ። ደግሞም አባቶቻችን ፈንገስ የሚባል ሳያውቁ ሲፈውሱ ኖረዋል።» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን ፈንገሱን በስም ሳያውቁት አልለወጡትም፤ ከዱር፣ ከታወቀ ስፍራ፣ በታወቀ ወራት ይምሱ ነበርና። አዋቂው «ከዚያ ጋራ ካልሆነ አይሠራም» ሲል የምንሰማውን ቃል አንዳንዶቻችን ምስጢር ለመጠበቅ የተፈጠረ ሽፋን ነው ብለን እንስቅበታለን። ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ የአፈር ዕውቀትም ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር መሳቅና ሳይመረመር ማመን ሁለቱም አንድ ስንፍና ናቸው። ስፍራውን የለወጥነው እኛ ስለ ሆንን የመመርመሩም ዕዳ የእኛው ነው።

መፍትሔው ታላቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የመድኃኒት ዕፅ የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ ከተለመደው መዝገብ ላይ አምስት ነገር እንዲጨምር እናሳስባለን። እነርሱም ዕፁ የዱር ወይም የጓሮ መሆኑ፤ ከፍታውና የአፈሩ ዓይነት፤ በዙሪያው የቆሙት ዕፀዋት ስም፤ የተነቀለበት ወርና የዕፁ ዕድሜ፤ በመጨረሻም በአልኮል ውስጥ የተቀመጠ የቀጭን ሥር ቁራጭ ናቸው። ሥሩን ለመመርመርም ውድ መሣሪያ ሁሉ አያስፈልግም። በ1998 የታተመ ዘዴ እንደሚያስረዳው፣ ሥሩን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቅለው ካነጡት በኋላ በኮምጣጤ ውስጥ ከመቶ 5 እጅ ተራ የጽሕፈት ቀለም ጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ቢያፈሉት፣ እንደ ጽድ ሥር ባለው ላይ የፈንገሱ ክር ቀለሙን ይዞ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የኦርኪዱን ሥር ግን በምላጭ አሳስቶ መቍረጥ ብቻ ጥቅልሉን ለማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ሥራ ከኬሚስትሪ ክፍል ጋር ነው፤ አንዱን ዕፅ ከዱርና ከጓሮ ወስዶ የንጥረ ነገሩን መጠን ማስተያየት። በዚህ ዓይነት የቆመ ማስተያየት አንዱ እንኳ፣ ስም ብቻ ከደረደረ ረጅም ዝርዝር ይበልጣል።

ለችግኝ ጣቢያዎችም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በፖርቶ ሪኮ የተተከለው የውጭ ጥድ ለብዙ ዓመታት እየቀጨጨ ኖሮ፣ በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ከጥድ ደን ሥር የመጣ አፈር ሲደባለቅለት ማደግ ጀመረ፤ የጎደለው ውሃ ወይም ፍግ ሳይሆን ፈንገሱ ነበር። እኛ ግን ለነባሮቹ ዛፎቻችን አፈሩን ከባሕር ማዶ ማምጣት የለብንም። አሮጌው ጽድና ወይራ በየደብሩ ቅጥር ቆመዋል፤ ከእነርሱ ሥር በካህናቱ ፈቃድ የሚዘገን ጥቂት አፈር ለአንድ መደብ ችግኝ ቢደባለቅ፣ ሌላው መደብ ደግሞ ሳይደባለቅለት ጎን ለጎን ቢተከል፣ ልዩነቱ ራሱ ይመሰክራል። አፈር በሽታም ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድሞ በትንሹ መሞከር ይገባል። ለኦርኪዱ ግን ይህ እንኳ አይበቃም፤ ለኦርኪድ ከሁሉ የሚሻለው ከነሣሩ፣ ከነአፈሩ በተወለደበት መጠበቅ ነው።

ለጥበቃውም ምሳሌ በዚያው በመንዝ አለ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ፣ አገሬው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ምድሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በወሰነው ጊዜ ብቻ እየከፈተ ከ400 ዓመት ያላነሰ ጠብቆታል ይባላል። ሥርዓቱ ከ1975 የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም የአካባቢው ሕዝብ የኋላ ኋላ በማኅበር ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ስለዚህ ጥበቃ የጻፉ ሰዎች ሣሩን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ይቈጥራሉ፤ መቍጠራቸውም ትክክል ነው። ሆኖም ያልታረሰው አፈር ያቆየው ሌላም ሀብት አለ፤ ክሩ ያልተበጠሰ የፈንገስ ድር። የመንዝ ሰው ክዳኑን ሲጠብቅ ይህንንም ሳያውቀው ጠብቆታል። እኛ በስሙ ያወቅነው ደግሞ በመዝገባችን ላይ አንድ መስመር ልንነፍገው አይገባንም፤ የሚመጣው የጥናት ጉዞ ወደ ጓሳ ሲወጣ ከመጭመቂያው ሰሌዳ ጋር አንድ ጠርሙስ አልኮልና አንድ ምላጭ ይዞ ይውጣ።